የተበላ የቶርኖ ሳድልና ተንሸራታች ክፍሎች እድሳት፦ ከልኬት እስከ መጨረሻው ሙከራ

አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ቀጥ ያለ አክሰል ቆርጦ ማውጣት ሲያቅተውና ሥራው፣ ማለትም የሚቆረጠው ብረት፣ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ሲቀጥን፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ጊብ (በተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ቀጭን ብረት) ማጥበቅ ነው። ለጥቂት ጊዜ ይሻላል። ከዚያ ካሬጁ፣ መቁረጫውን ይዞ በአልጋው ላይ የሚሄደው ክፍል፣ ወደ ቴልስቶክ (በአልጋው ጫፍ ያለው የሥራ ደጋፊ) ሲሄድ እየከበደ ይመጣና መሃል ላይ ይነክሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አልጋው (ሐዲዶቹ ያሉበት የቶርኖው አካል) በቸክ፣ ማለትም በሥራው መያዣ፣ አካባቢ ተበልቷል፣ ጫፉ ላይ ግን እንደ ድሮው ነው። ቸክ አጠገብ ልክ የሆነ ጊብ ጫፍ ላይ መጥበቁ አይቀርም። የተበላ ገጽ በብሎን አይመለስም፤ ሳድሉ (በሐዲዶቹ ላይ የሚቀመጠው የካሬጁ አካል) ወደ ቀድሞ ከፍታውና አቅጣጫው መመለስ አለበት።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሳድሉ ከፊት በባለ ቪ ሐዲድ፣ ከኋላ በጠፍጣፋ ሐዲድ የሚሄድ መካከለኛ ቶርኖ ነው። ከ1956 እስከ 1971 በሞስኮው ክራስኒ ፕሮሌታሪ ፋብሪካ የተመረተው፣ አልጋው ላይ 400 ሚ.ሜ ዲያሜትር የሚያዞረው 1ኬ62 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሌሎች ቶርኖዎች ላይም አሠራሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የቪው ማዕዘንና የክፍሎቹ መጠን ነው።

የትኛው መበላት ነው ሥራ የሚያበላሸው?

መበላት ሁሉ እኩል አይጎዳም። የመቁረጫው ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢወርድ በዲያሜትር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው። 40 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሥራ ላይ መቁረጫው 0.1 ሚ.ሜ ቢወርድ፣ ሬዲየሱ የሚለወጠው በ0.00025 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ነው። መቁረጫው 0.05 ሚ.ሜ ወደ ኋላ ቢሸሽ ግን ዲያሜትሩ ወዲያው 0.1 ሚ.ሜ ይጨምራል።

ችግሩ የፊተኛው ሐዲድ ከኋላኛው ይልቅ መበላቱ ነው። የአፕሮኑ (ከሳድሉ ፊት የተንጠለጠለው የማርሽ ሣጥን) ክብደትና የመቁረጡ ግፊት ያለው ፊት ላይ ነው። ፊቱ ሲወርድ ሳድሉ ወደ ሠራተኛው ያዘነብላል፣ መቁረጫውም ከሥራው ይሸሻል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 300 ሚ.ሜ፣ ከሐዲዱ እስከ ስፒንድል (ቸኩን የሚያዞረው ዘንግ) መሃል 200 ሚ.ሜ ቢሆን፣ ፊቱ 0.1 ሚ.ሜ ሲወርድ መቁረጫው 0.067 ሚ.ሜ ይሸሻል፤ ዲያሜትሩ ላይ 0.13 ሚ.ሜ ማለት ነው። ቸክ አጠገብ የሚወፍር ሥራ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ሳድሉ ራሱም ጫፍና ጫፉ ላይ፣ በተለይ ፍቅፋቂ በሚበዛበት በቸክ በኩል ይበላል። ስለዚህ ከታች ሲታይ ሆዱ ወጣ ያለ ይሆናል፤ አልጋው ደግሞ ጎድጉዷል። ሁለቱ አብረው ስለሚበሉ እርስ በርስ የገጠሙ ይመስላሉ፣ ሳድሉ ወደ ጫፍ ሲሄድ ግን ይወላወላል። ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው የብርጭቆ ወረቀት አቧራ፣ የካስት አይረን ብናኝና ያለቀ የፌልት መጥረጊያ ነው። ቶርኖ ላይ ሥራ በብርጭቆ ወረቀት የሚያሳምር ሰው አልጋውን በጨርቅ ወይም በካርቶን ሳይሸፍን መጀመር የለበትም።

ከመፍታትዎ በፊት ይለኩ

መጀመሪያ ቶርኖውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ። የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ አይሆንም፤ በሜትር 0.02 ሚ.ሜ የሚያሳይ ያስፈልጋል። በአልጋው አግድም፣ ከፊቱ ሐዲድ ወደ ኋላው አድርገው ቸክ አጠገብና ጫፍ ላይ ያንብቡ። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ አልጋው ተጣሟል፤ የእግሮቹን ብሎኖች በማስተካከል ይመልሱት። የተጣመመ አልጋ ሥራ ላይ የሚያሳየው ምልክት ከተበላ አልጋ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ሳያጣሩ ሳድል መፋቅ ከጀመሩ ያልታመመውን እያከሙ ነው።

ቀጥሎ የአልጋውን ሁኔታ ይወቁ። ቴልስቶኩ በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ፣ ያም ሐዲድ በጣም ስለማይበላ፣ ጥሩ መነሻ ይሆናል። የዳያል ኢንዲኬተሩን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ማግኔት ቴልስቶኩ ላይ ያድርጉ፣ ጫፉን በሳድሉ ሐዲድ ላይ ያሳርፉና ቴልስቶኩን ቀስ ብለው ይግፉ። የቪውን ሁለት ገጾችና ጠፍጣፋውን ለየብቻ በየ100 ሚ.ሜው ይመዝግቡ። በአንድ ሜትር ውስጥ ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚ.ሜ ካለፈ ሳድል ብቻ ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አልጋው መጀመሪያ በትልቅ የአልጋ ግራይንደር መነጠፍ አለበት። ከ0.05 በታች ከሆነ ግን አልጋውን ይተዉት፣ ሳድሉን ብቻ ይሥሩ። በመካከል ያለው በሥራዎ ዓይነት የሚወሰን ነው፤ የእርሻ መሣሪያ ቡሽ ለሚቆርጥ ጋራዥ 0.08 የሚያሳስብ አይደለም።

ሳድሉ ምን ያህል እንደወረደ የሚታወቀው ካሬጁን ከሚነዱት ዘንጎች፣ ከሊድ ስክሩና ከፊድ ሮዱ ነው። ካሬጁን እስከ ጊርቦክሱ ድረስ ያስጠጉ። ሊድ ስክሩ አፕሮኑ አጠገብና ጊርቦክሱ አጠገብ ከአልጋው የቱን ያህል እንደሚርቅ በኢንዲኬተር ያወዳድሩ። ከዚያ ሳድሉ ከአልጋው እንዳይነሳ የሚይዙትን የታችኛዎቹን መያዣ ሰሌዳዎች ያላሉና በሳድሉ አራት ማዕዘን ስር ሺም (ስስ የብረት ቁራጭ) እየጨመሩ ከፍ ያድርጉት። ሊድ ስክሩ ሳይታጠፍ፣ ፊድ ሮዱም በእጅ በቀላሉ የሚዞርበት ከፍታ ላይ ሲደርስ በጠፍጣፋው ሐዲድ ላይ ያለው የሺሙ ውፍረት ሳድሉ የወረደበት መጠን ነው። አሮጌ ቶርኖ ላይ ከ0.3 እስከ 1 ሚ.ሜ ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ ቁጥር የሥራው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይለኩት።

የልባሱ ምርጫ

ሳድሉን ለማንሳት ከሥሩ ልባስ፣ ማለትም የሚጣበቅ ወይም የሚፈስ ሽፋን፣ መጨመር አለበት። ሦስት አማራጮች አሉ።

ተርሳይት-ቢ ከቴፍሎንና ከነሐስ ዱቄት የተሠራ አንሶላ ነው፤ በ0.8፣ 1.6 እና 3.2 ሚ.ሜ ውፍረት ይገኛል። ሲንሸራተት አይንቀጠቀጥም፣ አልጋውንም አይበላም። ሀገር ውስጥ መደርደሪያ ላይ ስለማይገኝ ከውጭ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሞግላይስ የሚባለው የጀርመን ምርት ደግሞ የሚፈስ ኢፖክሲ ነው። ሳድሉን በብሎኖች በትክክለኛው ቦታ አንጠልጥለው፣ አልጋውን ማላቀቂያ ቀብተው በክፍተቱ ውስጥ ይሞሉታል። መፋቁ ያንሳል፣ ግን ክፍተቱ ቢያንስ 1.5 ሚ.ሜ መሆን ስላለበትና አንዴ ከደረቀ ስህተት የሚታረም ስላልሆነ፣ ሳድሉን በየአቅጣጫው አስተካክሎ ማንጠልጠል ላልለመደ ሰው አይመከርም።

ሦስተኛው ቴክስቶላይት ነው፤ በፊኖል ሬዚን የተጠጣ የጨርቅ ሰሌዳ። በርካሽ ይገኛል፣ ሶቪየቶችም ለዚሁ ጥገና ብዙ ተጠቅመውበታል። ጉድለቱ ውሃና ኩላንት ጠጥቶ ማበጡ ነው፤ በኩላንት ለሚሠራ ቶርኖ ይቅርብዎ። ኩላንት ለማይነካው ግን ጥሩ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በተርሳይት ነው፤ በቴክስቶላይት ሲሠሩም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ስንት ይቆረጥ?

ሳድሉ 0.45 ሚ.ሜ ወርዷል እንበል። ልባሱ 1.6 ሚ.ሜ፣ ሙጫው 0.1 ሚ.ሜ፣ ለመፋቂያ የሚተወው 0.15 ሚ.ሜ ነው። በጠፍጣፋው በኩል ከሳድሉ የሚነሳው 1.6 ሲደመር 0.1፣ ሲቀነስ 0.15፣ ሲቀነስ 0.45፤ 1.10 ሚ.ሜ ይሆናል።

ቪው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የ90 ዲግሪ ቪ እያንዳንዱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ፣ በሁለቱ ገጾች ላይ የተጨመረ 1 ሚ.ሜ ሳድሉን የሚያነሳው 1.41 ሚ.ሜ ነው። ስለዚህ 0.45ን ለማንሳት ገጹ ላይ የሚያስፈልገው 0.45 ሲባዛ በ0.707፣ ማለትም 0.32 ሚ.ሜ ብቻ ነው። ከቪው እያንዳንዱ ገጽ የሚቆረጠው 1.7 ሲቀነስ 0.15፣ ሲቀነስ 0.32፤ 1.23 ሚ.ሜ ነው። ይህን ረስተው ቪውንም 1.10 ከቆረጡት ፊቱ ከኋላው 0.18 ሚ.ሜ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ያንን በእጅ መፋቅ ቀናት ይፈጃል። የሶቪየት ቶርኖዎች ቪ ሁልጊዜ እኩል ስላልሆነ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር አረጋግጠው ለእያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ያስሉ።

በ0.8ቱ ልባስ ቢሠሩ ጠፍጣፋው 0.30፣ ቪው 0.43 ብቻ ይቆረጣል። ሳድሉ ቀጭን ከሆነ ይህ ይሻላል፤ ግን የዘይት መስመር የሚቆፈርበት ጥልቀት ያንሳል።

መቁረጥና ማጣበቅ

ከታች ከመነካቱ በፊት የሳድሉ የላይኛው ገጽ፣ ክሮስ ስላይዱ (መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስጠጋው ተንሸራታች) የሚሄድበት ጠፍጣፋ፣ በሰርፌስ ፕሌት (ትክክለኛ ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ወይም በስትሬት ኤጅ (ትክክለኛ ቀጥ ያለ ማስተያያ) እየታየ ተፍቆ መስተካከል አለበት። የታችኛው ሥራ ሁሉ የሚለካው ከእሱ ነው። ከዚያ ሳድሉን ገልብጠው በዚያው ገጽ በፍሬዛ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የክሮስ ስላይዱን ዶቭቴል (ጎኖቹ ያዘነበሉ ሐዲድ) በኢንዲኬተር እየነኩ አቅጣጫውን ያስይዙና ይቁረጡ። ቆራጩ የሚተወው ሻካራ ገጽ ጥሩ ነው፤ በግራይንደር ማለስለስ ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋል።

ካስት አይረን ዘይት ይጠጣል። በአሴቶን አንዴ መጥረግ አይበቃም። ገጹን በሙቅ አየር ማሞቂያ ለብ አድርገው ዘይቱ ወደ ላይ ሲያልበው በአሴቶን ይጥረጉ፣ ነጭ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ ይደጋግሙ። አሴቶን ሲጠቀሙ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ብረቱም ይቀዝቅዝ፣ በሩም ይከፈት።

ተርሳይት በኬሚካል የተዘጋጀው አንድ ገጹ ብቻ ነው፤ እሱ ቡናማና ደብዘዝ ያለ ነው። ሙጫ የሚቀባው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ገጽ ቴፍሎን ስለሆነ ምንም አይይዘውም፤ ሥራ ላይ ተላጠው የሚነሱ ልባሶች አብዛኞቹ ተገልብጠው የተጣበቁ ወይም የዘይት ቅሪት የነበረባቸው ናቸው። ልባሱን ከሳድሉ ዙሪያ 2 ሚ.ሜ አስበልጠው ይቁረጡ፤ ትርፉ በኋላ በስለት ይላጣል። የዘይት ቀዳዳዎችን በሰም ይድፈኑ፣ አለበለዚያ ኢፖክሲው ይዘጋቸዋል።

ኢፖክሲውን በልባሱ ቡናማ ገጽና በሳድሉ ገጽ ላይ በጥርሳማ መቀቢያ በስሱ ያሰራጩ፣ ልባሱን ከመሃል ወደ ዳር እየጫኑ አየሩን ያስወጡ። አልጋው ላይ የፕላስቲክ አንሶላ ዘርግተው ሳድሉን በቦታው ያሳርፉ። የራሱ ክብደትና በላዩ የሚቀመጥ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል። በክላምፕ አጥብቆ መጫን ሳድሉን ያጎብጠዋል፣ ሙጫው በዚያ ጎባጣ ቅርጽ ይደርቃል፣ ሲፈታ ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ለ24 ሰዓት አይንኩት።

መፋቅ

አልጋው ራሱ ማስተር፣ ማለትም ማነጻጸሪያው፣ ነው፤ ትንሽ የተበላበትን ክፍል ይምረጡ። ፕሩሺያን ብሉ (ሰማያዊ ምልክት ማሳያ ቀለም) በጣም ስሱ አድርገው ይቀቡት፤ የሠዓሊ የዘይት ቀለም ቲዩብም ያገለግላል። ሳድሉን በሁለት ሰው ወይም በቼይን ብሎክ ያሳርፉ፣ 30 ሚ.ሜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይግፉ፣ ያንሱ። ሰማያዊ የነካቸው ቦታዎች ከፍ ያሉት ናቸው፤ እነሱን ብቻ ይፋቁ። በየዙሩ አቅጣጫውን በ45 ዲግሪ ይቀያይሩ። ተርሳይት ለስላሳ ስለሆነ የካርባይድ ስለቱ በጣም የሰላ ይሁን፤ የደነዘዘ ስለት ልባሱን ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም።

በእያንዳንዱ ዙር የሚነሳው ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ትዕግስት የሚጠይቅ ነው። በ25 በ25 ሚ.ሜ ካሬ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ነጥብ ሲታይ ይበቃል። ጫፎቹ ከመሃሉ ትንሽ የበለጠ ይንኩ፤ መሃሉ የሚሸከም ከሆነ ሳድሉ ከአሁኑ ይወላወላል። ብናኙን ይጥረጉ። በሚፍቁበት ጊዜ ሲጋራ አያጭሱ፤ የቴፍሎን ብናኝ እሳት ሲያገኘው የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛል።

ነጥቦቹ መምጣት ሲጀምሩ ቀጥ ማለቱን አሁኑኑ ይለኩ፤ ከጨረሱ በኋላ ሳይሆን። ቸክ አውልቀው ፌስ ፕሌት (በስፒንድሉ ላይ የሚታሰር ክብ ሰሌዳ) ይግጠሙ። ክሮስ ስላይዱ ላይ ኢንዲኬተር አስረው ከፊት ፌስ ፕሌቱ ላይ አንድ ነጥብ ይንኩ፣ ነጥቡን ምልክት ያድርጉበት። ስፒንድሉን 180 ዲግሪ አዙረው ክሮስ ስላይዱን ወደ ኋላ ይውሰዱና ያንኑ ነጥብ በሌላው በኩል ይንኩ። ነጥቡ አንድ ስለሆነ ፌስ ፕሌቱ ቢወላገድም ልኬቱን አያበላሸውም። ኋላ ላይ ኢንዲኬተሩ ከፊቱ ይልቅ በ300 ሚ.ሜ ጉዞ ከ0 እስከ 0.02 ሚ.ሜ የበለጠ መጫን አለበት። ይህ ማለት ፌስ ሲደረግ፣ ማለትም የሥራው ፊት ሲቆረጥ፣ መሃሉ ትንሽ የጎደጎደ ገጽ ይወጣል። የተፈቀደው ይህ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መሃሉ ያበጠ ፍላንጅ ከሌላ ፍላንጅ ጋር አይገጥምም።

ንባቡ በተቃራኒው ከሆነ ሳድሉ መዞር አለበት። በሄድስቶክ (በቸክ) በኩል ካለው ጫፍ የቪውን የኋላ ገጽ፣ በቴልስቶክ በኩል ካለው ጫፍ ደግሞ የፊቱን ገጽ ይፋቁ። ሳድሉ 400 ሚ.ሜ ርዝመት ካለውና በ300 ሚ.ሜ 0.03 ማረም ካለብዎ፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ 0.03 ሚ.ሜ ገደማ ይነሳል። ቪው በዚህ 0.02 ስለሚወርድ ጠፍጣፋውንም በዚያው ልክ ይከታተሉ፣ አለዚያ ሳድሉ ወደ ፊት ያዘነብላል።

በመጨረሻ የዘይት መስመሮችን ይቆፍሩ፤ ስፋታቸው 3 ሚ.ሜ፣ ጥልቀታቸው ለ1.6ቱ ልባስ 0.8 ሚ.ሜ። ከልባሱ ዳር 6 ሚ.ሜ ሲቀር ያቁሙ፤ ጠርዝ ድረስ የሄደ መስመር ዘይቱን ወደ ውጭ ይለቀዋል።

የታችኛዎቹ መያዣ ሰሌዳዎች

ሳድሉ ሲነሳ እነዚህም አብረው ይነሳሉና የአልጋውን ሥር ይነክሳሉ። በሰሌዳውና በሳድሉ መካከል ሺም ጨምረው ክፍተቱን ከ0.02 እስከ 0.04 ሚ.ሜ ያድርጉ። ቀደም ሲል አንድ ሰው መወላወሉን ለማጥፋት ሰሌዳውን በሞረድ ልጎት ከሆነ ሺሙ የበለጠ መወፈሩ አያስገርም።

ክሮስ ስላይድና ጊብ

ሾጣጣ ጊብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1፡50 እስከ 1፡100 ያለ ሹልነት አለው። በ1፡50 ጊብ 0.3 ሚ.ሜ መበላትን ለመሸፈን ጊቡ 15 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ በ1፡100 ደግሞ 30። ማስተካከያው ብሎን መጨረሻ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው። አዲስ ጊብ ከመሥራት ይልቅ በጀርባው፣ በማይንሸራተተው ገጽ ላይ፣ 0.3 ሚ.ሜ የናስ አንሶላ በኢፖክሲ ማጣበቅ ይቻላል። ከዚያ ፊቱን ከዶቭቴሉ ጋር በሰማያዊ እያዩ ይፍቁ። ጊብ ቀጭን ስለሆነ እጅ ላይ ይዘው ሲፍቁት ይታጠፋል፤ በማግኔት ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያስይዙት።

ክሮስ ስላይዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ከብዶ መሃል ላይ የሚላላ ከሆነ ጊቡ ጥፋተኛ አይደለም፤ ዶቭቴሉ መሃሉ ተበልቷል። ሁለት እኩል 10 ሚ.ሜ የሆኑ የተሞረዱ ፒኖችን በሁለቱ ዶቭቴል ማዕዘኖች ውስጥ ያስገቡና በላያቸው በማይክሮሜትር በሦስት ቦታ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.02 ሚ.ሜ ካለፈ ዶቭቴሉ ራሱ ይፋቃል። እዚህ ላይ ልባስ ሳያደርጉ በቀጥታ ካስት አይረኑን መፋቅ ይበቃል። የኮምፓውንዱ (በክሮስ ስላይዱ ላይ ያለው ትንሽ ተንሸራታች) ሥራ ከዚህ አይለይም፣ ያንሳል እንጂ።

ቴልስቶክ

የቴልስቶኩ መቀመጫ ሲበላ መሃሉ ከስፒንድሉ በታች ይወርዳል። በመቀመጫውና በአካሉ መካከል ሺም ያስገቡ። ከስፒንድሉ እስከ 0.04 ሚ.ሜ ከፍ ቢል ተፈቅዷል፤ ዝቅ ማለት ግን አይፈቀድም፣ ወደፊት የሚበላው ወደ ታች ስለሆነ።

ዘይት፣ መጥረጊያና ሙከራ

ለሐዲድ የተሠራ 68 ቁጥር ዘይት፣ ለምሳሌ ሞቢል ቫክትራ ቁጥር 2፣ ይጠቀሙ። የሞተር ዘይት ቆሻሻን በውስጡ ይዞ እንዲቆይ ስለተሠራ ብናኙን ይዞ ይሄዳል። አዲስ የፌልት መጥረጊያ በአራቱም ጫፍ ይግጠሙ። በተርሳይት ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ የገባበት ፍቅፋቂ ልባሱ ውስጥ ተቀብሮ አልጋውን እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ለሙከራ ከ30 እስከ 40 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ብረት በቸክ ብቻ ያስይዙ፤ 150 ሚ.ሜ ያህል ይውጣ፣ ቴልስቶክ አይደግፈው። ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ቀለበት ትተው መሃሉን ቀነስ ያድርጉ። በስለታማ መቁረጫ ሁለቱን ቀለበቶች በአንድ ቅንብር 0.1 ሚ.ሜ ያህል ይቁረጡና በማይክሮሜትር ያወዳድሩ። ከ0.01 በላይ ከተለያዩ መጀመሪያ የውሃ ልኩን እንደገና ይፈትሹ፤ ሳድሉን ለመፍታት አይቸኩሉ።

ለፌስ ሙከራ 300 ሚ.ሜ የሆነ ዲስክ ይቁረጡ፣ ከዚያ ኢንዲኬተሩን መቁረጫው በሄደበት በፊቱ በኩል ቢወስዱት ሁልጊዜ ዜሮ ያሳያል፤ ያንኑ መንገድ ነውና የሚደግመው። ከመሃል አልፈው በኋላው በኩል ይለኩ፤ እዚያ የሚታየው ስህተት እጥፍ ነው። ካሬጁ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት ትንሽ ይረጋል፣ ስለዚህ ከአንድ ሳምንት በኋላ የመያዣ ሰሌዳዎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ እንደገና ይለኩና ሺሙን ያስተካክሉ።